ንፋስ የተከለከለው ብቅል ቤት

ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣብኛል። ለጋብቻ ቢሆን ኖሮ ቤቱን አጸዳድቼ፣ ነጭ ለብሼ በጠበቅኋቸው ነበር። የሚመጡት ግን ከመኮንን ጋር ሊያስታርቁኝ ነው። ጋሽ በላይ ትናንት ደውለው፣ “እትዬ አስካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ሀጂ ሰይድ ብቅ እንላለን። መኮንንም አብሮን አለ። እንግዲህ አደራዎን፣ በር እንዳይዘጉብን” አሉኝ። በር የምዘጋ ሴት እንዳልሆንኩ ያውቃሉ። መዝጋት የመኮንን ሙያ ነው።

ነገሩ የመጣው በሠርግ ነው። የመኮንን ልጅ ሊያ ልታገባ ነው። ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ከመኮንን ጋር አበልጆች ነን ማለት ነው። አበልጅ ተኳርፎ መቅረት ደግሞ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ልጅቷ ለሠርጓ ጠላ እንድጠምቅላት ትፈልጋለች፤ እኔ ደግሞ አባቷ ባለበት ድግስ ላልቀመጥ ከማልሁ ዘመን አለፈ። ባለፈው ሳምንት ራሷ ደወለችና፣ “አስኩዬ፣ ዳዲን በቃ ፎርጊቭ አድርጊው። አይ ሚን፣ ኢት ዋዝ ጀስት ኤ ቢልዲንግ፣ ዩ ኖው?” አለችኝ። ሕንፃ ብቻ ነበር እኮ ማለቷ ነው። ልጅቷን እወዳታለሁ፤ ባልወዳት ኖሮ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እዘጋው ነበር። ሕንፃ ብቻ! እንግዲያው ያ ሕንፃ ምን እንደነበር ልጻፈው።

ከዛሬ አሥር ምናምን ዓመት በፊት የምኖረው ጆርጂያ ውስጥ፣ ቻምብሊ ነበር፤ ከትልቁ መንገድ ጀርባ ከተደረደሩት አፓርታማዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሥራዬ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ ጥግ ካለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር በባቡር አቋርጣለሁ። ከባቡር ጣቢያው ስወርድ ጥጉ ላይ አራት በቆሎ በአንድ ዶላር የሚሸጥ የሜክሲኮዎች ሱቅ ነበር፤ በሩ ላይ ሁልጊዜ የሚጮህ ራዲዮ፣ ዘፈኑ ሁሉ መለከት ብቻ። ታክሲ ነጂዎቻችን ስልካቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ስልኩ ወዳዘዛቸው መሄድ የጀመሩት ያን ሰሞን ነው። ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ጥበብ ለብሰው ይሰለፋሉ፤ ሰዉ ስልኩን ዱላ ጫፍ ላይ ሰክቶ ራሱን ፎቶ ያነሳል። ወንዱ ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሳጥሮ፣ ሱፉን ከሰውነቱ ጋር አጣብቆ ይመጣና እስክስታው መሃል ትከሻው ላይ ይተረተርበታል። ዛሬ ያን ልብስ የት እንደጣሉት እንጃ፤ እኔ ግን ስስቅባቸው የነበረውን ሳቅ እንኳ እወደዋለሁ።

በዚያ ሁሉ ድግስ ጠላውን የምጠምቀው እኔ ነበርኩ። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር። ገብሱን ሀጂ ሰይድ ኖርክሮስ ካለው ሱቃቸው ያመጡልኛል። የወሎ ሰው ናቸው፣ እስላም ናቸው፣ ጠላዬን አይቀምሱም፤ የገብሱን ጥራት ግን ከማንም በላይ ይከራከሩልኛል። ችግሬ ብቅሉ ነበር። ገብሱን ነክሬ፣ አብቅዬ፣ በረንዳዬ ላይ አንሶላ ዘርግቼ አሰጣዋለሁ። የጆርጂያ የበጋ አየር ግን ራሱ እርጥብ ነው፤ ብቅሉ ሳይደርቅ ይሻግታል። በሻንጣ የሚመጣልኝ ጌሾም እንደዚያው ርሶ ይደርሳል። ስንቱን ገብስ አቅፌ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ እንደደፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ጎረቤቶቼ ሽታውን አልወደዱትም፤ የአፓርታማው ማናጀር በረንዳዬ ሥር ቆማ አፍንጫዋን ይዛ ሽቅብ ታየኝ ነበር።

መኮንን ያኔ ታክሲውን ትቶ ቤት አሻሻጭ ሆኖ ነበር። ጫማው ያብለጨልጫል። የስም ካርዱን ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያድላል፤ ሬሳው ሳይወጣ ለሟች ወንድም ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠጋ ብሎ፣ “እትዬ አስካለ፣ አንድ ፕሮፐርቲ አግኝቻለሁ። ሂስቶሪክ ነው። ድሮ የቢራ ብቅል የሚሠራበት ቤት ነው አሉ። ግማሹን የሠርግ አዳራሽ አደርገዋለሁ። ብቅል ማድረቂያው ግን የእርስዎ ነው፣ እምላለሁ፤ ከበረንዳ ይገላገላሉ” አለኝ። እምላለሁ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ነው። ይህን ደግሜ እጽፈዋለሁ፦ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ።

ቤቱ ከኖርክሮስ አልፎ፣ ሱቁና መጋዘኑ አልቆ ጥዱና ቀዩ አፈር ከሚጀምርበት ወዲያ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ረጅም የጡብ ጎተራ ነው። ጫፉ ላይ ግን ሁለት ማማዎች ቆመዋል፤ ከታች አራት ማዕዘን፣ ወደ ላይ እየጠበቡ ሄደው አናታቸው ላይ የእንጨት ቆብ ደፍተዋል። ቆቡ ባንድ ጎኑ ክፍት ነው። ንፋሱ አቅጣጫ ሲለውጥ ቆቡም ሲጢጥ እያለ ይዞርና ጀርባውን ለንፋሱ ይሰጣል። ማንም አይነካውም፣ ገመድ የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው። እዚያ የደረስን ዕለት ከመኪናው ወርጄ ሲዞር አየሁት፤ መኮንን “ይግቡ እንጂ” ሲለኝ ልቤ እዚያው ቀርቷል።

የሚሸጠው ባለቤት በጣም ያረጀ ነጭ ሰው ነበር። ቤቱን አያቶቹ ከባሕር ማዶ መጥተው በአገራቸው ቤት አምሳል የሠሩት ነው። እየዞረ አሳየን። መጀመሪያ ገብሱ የሚነከርበት የድንጋይ ገንዳ አለ፤ ጠርዙ በሰው እጅ ብዛት ለስልሷል። ቀጥሎ ገብሱ ተበትኖ የሚበቅልበት ረጅም ወለል፤ ጣራው ዝቅ ያለ፣ ረጅም ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያልፍበት። ግራና ቀኙ ትንንሽ መስኮት ነው፤ መስታወት የለውም፣ የእንጨት መዝጊያ ብቻ። አንዱን ከፍተው ሌላውን ገርበብ እያደረጉ ለገብሱ የሚስማማውን አየር ይመጥኑለታል። ከዚያ ወዲያ ማማዎቹ ናቸው። ትልቁ ብቅል ማድረቂያ ነው፤ ከታች የጡብ ምድጃ፣ ከላይ ወለሉ በሙሉ ጥቃቅን ቀዳዳ ባላቸው የሸክላ ንጣፎች የተሠራ። እሳቱ ከታች ይነዳል፣ ሙቀቱ በቀዳዳዎቹ ሽቅብ አልፎ የተሰጣውን ብቅል ያደርቃል፣ እርጥበቱም በማማው አንገት ወጥቶ በቆቡ ይሄዳል። ትንሹ ማማ የሆፕስ ማድረቂያ ነው። ሆፕስ የነጮቹ ጌሾ ነው፣ ለቢራቸው ምሬት የሚሰጠው። የትንሹ ማማ ወለል ርብራብ እንጨት ነው፤ ላዩ ላይ ሳሳ ያለ ጨርቅ ዘርግተው አበባውን ይበትኑበት ነበር። ከጎኑ ባለው ፎቅ መሃል ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፤ የደረቀው አበባ በዚያ በኩል ከሥር ወደተንጠለጠለ ጆንያ ይጠቀጠቃል። አያቶቹ ሆፕሱን ተክለው ሞክረው፣ የዚህ አገር ሙቀት እሺ አላላቸውም፤ ትንሹ ማማ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ቆመ። ሽታው ግን አልወጣም። ግድግዳው ላይ አፍንጫዬን ሳስጠጋ መራራ መራራ ሸተተኝ፣ የጌሾ ታናሽ ወንድም። እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካልሆነ በቀር ቤት አይቼ አልቅሼ አላውቅም፤ እዚያ አለቀስኩ።

ነጩ ሽማግሌ እንባዬን አየ መሰለኝ፣ እጄን ይዞ የሸክላው ወለል ላይ አስቀመጠው። እሳት ሳይኖር እንኳ ከታች ቀዝቃዛ አየር እየመጣ መዳፌን ነካኝ። “ይህ ቤት ይተነፍሳል” አለን፣ “ላዩን እንዳትዘጉበት።” መኮንን፣ “የስ ሰር! ኔቨር! ኦፍ ኮርስ!” አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መኮንን ቤቱን ከገዛው በኋላ እዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅል ሠራሁ። ለጋሽ በላይ ልጅ ሠርግ ነበር። ከሆቴሉ ፈቃድ ወስጄ ገብሱን በድንጋዩ ገንዳ ነከርኩ፣ ወለሉ ላይ በትኜ በእንጨት አካፋ ጠዋት ማታ አገላበጥኩት። ሲያቆጠቁጥ ወደ ማማው አወጣሁትና ሥሩ የባሉጥ እንጨት አነደድኩ። ቆቡ ላይ ነጭ እንፋሎት ሲወጣ ውጭ ሜዳው ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ አየሁት። የረሰረሰውን ጌሾዬን በትንሹ ማማ ርብራብ ላይ በተንኩት፤ ቅጠሉ እጄ ላይ እስኪንኮሻኮሽ ደረቀ። ብቅሉ ሲደርስ አንዷን ፍሬ ቆረጠምኳት፤ ቀጭ ብላ ተሰበረች፣ ጣፈጠችኝ። የዚያን ጊዜውን ጠላ የጠጡ ሰዎች ዛሬም ያነሱታል። ሙያው የእኔ ይመስላቸዋል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እኔው ነበርኩ እኮ፤ የተለየው ቤቱ ነው።

ሠርጉ ጥቅምት ላይ ዋለ። ገብሱ በሚበተንበት ረጅም ወለል ላይ ጠረጴዛ ተደረደረ፤ ብቅል ማድረቂያው በአበባ አጊጦ ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት ሆነ። ገና ምሳው ሳይነሳ እንግዶቹ ጀመሩ። “ኧረ ንፋስ! ከወለሉ ንፋስ ይወጣል!” “ማጅራቴን መታኝ!” “ልጄን ሸፍኑልኝ!” የሙሽራው አክስቶች በነጠላቸው ላይ ጋቢ ደረቡ። አንዷ የገበታ ጨርቅ አጣጥፋ ቀዳዳው ላይ አነጠፈች፤ ሌላዋ ሶፍት እየጠቀለለች አንድ በአንድ ትወትፍ ጀመር። ጋሽ በላይ ራሳቸው ከክብር ወንበራቸው ተነስተው፣ “መኮንን፣ ይሄን ነገር ዝጋው እንጂ፣ ሰው ልታስጨርስ ነው?” ብለው ጮኹ። እኛ ከንፋስ ጋር ያለን ጠብ መቼም አያልቅም። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ተፋፍጎ ላብ በላብ ሆኖ ሳለ አንዱ መስኮት ገርበብ ቢያደርግ ተሳፋሪው በሙሉ ይቆጣዋል። ሳንባ ምች፣ ብርድ፣ የፊት መጣመም፣ ሁሉንም በንፋስ እናሳብባለን። ይህን ጠባያችንን ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬው ጋር ጠቅጥቀን አመጣነው። ንፋስ እንዲገባበት፣ ንፋስ እንዲወጣበት ተብሎ ጡብ በጡብ የተሠራ ቤት እኛ እጅ ላይ መውደቁ የቤቱ መጥፎ ዕድል ነው።

ለቀጣዩ ድግስ ብቅል ልሠራ ስመጣ ከሜዳው ላይ ቀና ብዬ አየሁና ቆምኩ። ሁለቱም ቆቦች የሉም። አናታቸው በቆርቆሮ ተደፍኗል፤ ዳር ዳሩ ቢጫ አረፋ ሞልቶበታል። ቀዩ ጡብ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። መኮንን በኩራት እየሳቀ ወጣ።

“ቆቡ የት ሄደ?” አልኩት።

“በደንብ ሲልድ አስደረግኩት፣ አስደፈንኩት፣ እትዬ አስካለ። ሰዉ ንፋስ መታን እያለ ኮምፕሌይን አደረገ። ኢንተርኔት ላይ ሪቪው ጻፉብኝ እኮ፣ አንድ ኮከብ!”

“ወለሉስ?”

“ኮንክሪት አፈሰስኩበት። የሴቶቹ ታኮ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። አንዷ ወድቃ እግሯን ብትሰብር ፍርድ ቤት ሱ ታደርገኛለች። አሁን ዳንስ ፍሎር ሆነ። ይግቡና ይዩት፣ በጣም ነው ያማረው።”

“ሽማግሌው ላዩን አትዝጉ ብሎህ የለም?”

“እሱ ሸጧል። አሁን የእኔ ነው።”

“ብቅሉንስ የት ላድርቀው?”

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ “ድራየር እገዛልዎታለሁ” አለኝ። የልብስ ማድረቂያ ማለቱ ነው። ቀኑን ሙሉ የሆቴል ፎጣ ሳደርቅ ለምውል ሴት! ይዤ የመጣሁትን ገብስ መኪናዬ ውስጥ መልሼ ጫንኩ። እዚያ ሜዳ ላይ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የቆጨኝ ቃል ግን የለበትም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሠርግ ሆነ። የወጡ እንፋሎት፣ የጨፋሪው ላብ፣ የሰዉ ትንፋሽ፣ ሁሉም ማማው ውስጥ እየወጣ ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ መውጫ ያጣል። ግድግዳው ያልበው ጀመር። ነጩ ቀለም እየተነሳ ከሥሩ ጡቡ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። የጣራው ወራጆች ጠቆሩ። መኮንን ምን አደረገ? መጀመሪያ ሽቶ ነፋበት። ከዚያ ትልልቅ ማራገቢያ ገዝቶ አቆመ። ንፋሱን ደፍኖ ሲያበቃ ንፋስ በኤሌክትሪክ ገዛ! ሰዉም በማራገቢያው ፊት ቆሞ ጨፈረ፤ ያኔ ማንንም ንፋስ አልመታውም። ሰው ልኬ “ቆርቆሮውን አንሳው፣ ሌላ አልጠይቅህም” ብዬዋለሁ። “እትዬ አስካለ የጠላ ነገር ሆኖባቸው ነው” ብሎ ለሰው እንደሳቀ ሰማሁ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ዝናብ ሲበረታ፣ የትንሹ ማማ ጣራ ወደ ውስጥ ወደቀ። ደግነቱ ሰው አልነበረም። የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጥቶ በሩ ላይ ሰው እንዳይገባ የሚል ቀይ ወረቀት ለጠፈ። መኮንን ለማሳደስ አንድ ቀን እንኳ አልለፋም፤ መሬቱን መጋዘን ለሚሠሩ ሰዎች ሸጠው። ያፈረሱት ዕለት ሄጃለሁ። መንገዱ ዳር መኪናዬን ፓርክ አድርጌ አየሁ። ረጅሙ ቤት ወዲያው ተኛ። ትልቁ ማማ ግን አልወድቅ ብሎ ብዙ አደከማቸው፤ ማሽኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይገፋዋል፣ እንደገና ይመለሳል። ሲወድቅ የተነሳው አቧራ ቀይ ነበር። ዛሬ በዚያ ሳልፍ ግራጫ መጋዘን ነው፤ ረጅም፣ መስኮት የሌለው፣ የጭነት መኪና የሚጠጋበት። ሰው በዚህ ነገር ሲስቅብኝ አውቃለሁ። “ሰው አልሞተ፣ ዘር አልተነካ” ይሉኛል። እኔ ግን በዚህች አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እጄ የሚያውቀውን ሥራ የሚያውቅልኝ ቤት አንድ ያ ብቻ ነበር። እሱን ነው በቆርቆሮ አፍኖ የገደለብኝ። እጠላዋለሁ።

እስከዚህ የጻፍኩት ሐሙስ ነው። ዛሬ እሑድ ነው፤ መጥተው ሄዱ።

ሀጂ ሰይድ ቀድመው ገቡ፣ ጋሽ በላይ ተከተሉ። ዳቦ ቆርሼ አቀረብኩ፣ አልነኩትም፤ ሽማግሌ ነገሩ ሳያልቅ አይቀምስም። ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ “እትዬ አስካለ፣ ልጅቷ የእርስዎም ልጅ ናት። ለአላህ ብለው፣ ለፈጣሪ ብለው ይቅር ይበሉ። በዳይዎ ደጅ ቆሟል” አሉ። ቀና ስል መኮንን በሩ ላይ ነው። አርጅቷል። ጫማው አያብለጨልጭም። ጎንበስ ብሎ ማጅራቱ ላይ በሁለት እጁ ጡብ ተሸክሟል። በአገራችን ወግ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ የተበደለው ድንጋዩን ካወረደለት ታረቁ ማለት ነው።

ጡቡን ሳየው ልቤ ዘለለ። ከዚያ ከፈረሰው ቤት መሰለኝ። ይህ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት አንዲት ጡብ አስቀምጦ ኖሯል አልኩና፣ እውነቴን ነው፣ እዚያው ልምረው ነበር። ተነስቼ ሄጄ እጄን አሳረፍኩበት። ልሙጥ ነው። ጠርዙ ገና ስለት ነው። ጎኑ ላይ የሱቅ ተለጣፊ ከነዋጋው አለ።

“ይሄን ከየት አመጣኸው?”

“ከሱቅ ገዛሁት፣ እትዬ አስካለ” አለኝ እንዳቀረቀረ። “እዚህ አገር ድንጋይ ዝም ብሎ የት ይገኛል?”

“ከዚያ ሁሉ ጡብ አንዲት አላስቀረህም?”

ጡቡን ማጅራቱ ላይ አስተካከለ። ጋሽ በላይ፣ “በሉ እንጂ ያውርዱለት፣ ሽማግሌ ሰው ነው፣ አንገቱን አመመው” አሉ። አወረድኩለትና በሩ ሥር አስቀመጥኩት። ሀጂ ሰይድ “አልሐምዱሊላህ” ብለው ወደ ዳቦው እጃቸውን ዘረጉ።

“ቆዩ” አልኳቸው። “ለሊያ ጠላውን እጠምቃለሁ፣ ልጄ ናት። ይቅርታውን ግን እኔን አይጠይቀኝ። ሄዶ ቤቱን ይጠይቅ።”

ጋሽ በላይ ደንግጠው መኮንንን አዩት፣ እኔን አዩኝ። “ኧረ እትዬ አስካለ” አሉ፣ “ቤቱ እኮ የለም።”

“እሱን ነው የምላችሁ” አልኳቸው።